«ያልተነካች ከተማ» ብለን የጻፍን ሰሞን

ስለ ሐረር የጻፍነው የመጀመሪያው ጽሑፍ ርዕሱ «ያልተነካች ከተማ» የሚል ነበር። ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነው። የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። መምህራችን «ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ አንድ ፊቸር ሠርታችሁ ኑ» አሉን። አብዛኞቹ የክፍላችን ልጆች ደብረ ዘይት ሄደው፣ ሐይቅ ዳር አሳ በልተው፣ ማታውኑ ተመለሱ። እኛ ግን «ትልቅ ነገር እንሠራለን» ብለን ሐረር ሄድን።

«እኛ» ሲባል ሦስት ነን፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ። ይህን የምትጽፈው ከሴቶቹ አንዷ ናት። ጥፋቱን ግን ሦስታችንም እኩል ስለምንካፈለው እስከ መጨረሻው «እኛ» እያልን ብንቀጥል ይሻላል። (ማርኩንም እኩል ነበር የተካፈልነው።)

ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍረን፣ አዋሽን፣ ጭሮን፣ ሂርናን፣ ቁልቢን አልፈን፣ ወገባችን ለሁለት ሊከፈል ሲል ሐረር ገባን። ባጃጅ ይዘን ፈረስ መጋላ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሆቴል የምንይዝበት ገንዘብ ስላልነበረን አንድ አስጎብኚ ልጅ «እኔ ጋ ቤት አለ» ብሎ በጠባቡ መንገድ እያጠማዘዘ ወሰደን። እጃችንን ብንዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳ ይነካል። ሦስት ጊዜ ታጥፈን የመጣንበት ጠፋብን። በመጨረሻ አንድ የግቢ በር አንኳኳ። በሩን የከፈተችልን ስድሳዎቹን የተሻገረች ሴት ናት።

አሁን «ከፈተችልን» በማለታችን «ምነው፣ እነዚህ ልጆች አላደጉም እንዴ!» የምትሉ አትጠፉም። እኛም መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ ጨዋነት «እንደምን አመሹ? እርስዎ ኖት ቤቱን የሚያከራዩት?» ብለናት ነበር። ዞር ብላ ኋላዋን አየች። «የት ያለው እርስዎ ነው? እኔ አንድ ሰው ነኝ አቦ! አንቺ በሉኝ» ብላ ሳቀችብን። ሐረርና ድሬ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ትልቅም ትንሽም «አንተ» እና «አንቺ» ነው። ከዚያ በኋላ «እማ» እያልን፣ «አንቺ» እያልን ሦስት ቀን ሰነበትን። ስሟን አንጽፍም። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ቤቱ ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪዎች የጥንት ቤት ነው። አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ እንዲህ ነው፦ ከውጭ ስታዩት ምንም አይደለም፤ የድንጋይ ግድግዳና በር ብቻ። ስትገቡ ግን ዋናው ክፍል ውስጥ ወለሉ እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ ያለ ነው። ነደባ ይባላል። አምስት ነደባ አለ፤ አምስቱም የየራሳቸው ስምና ሥርዓት አላቸው። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የትልቅ ሰው ቦታ አለ፣ የእንግዳ ቦታ አለ፣ የልጆችና የተራ ሰው ቦታ አለ፣ ከበር ኋላም ቦታ አለ። አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ ስፌት ተሰቅሏል፤ ምግብ የሚቀርብበት፣ ለሰርግ የተሰፋ፣ ከእናት ለልጅ የወረደ።

ሆጃ አፈላችልን። ሳምቡሳ ጠበሰችልን። ፎቶ ልናነሳት ስንጠይቃት ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር። «እማ፣ እዚህ ብርሃኑ አይጥምም፤ እዚያ ላይ ሁኚልን» አልናት። አሚር ነደባ ላይ ማለታችን ነው። ከኋላው ስፌቱ ያምራል፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ልክ ፊት ላይ ያርፋል። ትንሽ ቆም አለች። ከዚያ ሄዳ ተቀመጠች። «ሳቂ እንጂ» አልናት። ሳቀች።

አዲስ አበባ ተመልሰን ጻፍን። «ጊዜ የቆመባት»፣ «ዘመናዊነት ያልበረዛት»፣ «ያልተነካች»… በክፍል የተማርናቸውን ቅጽሎች በሙሉ አሟጠጥናቸው። ከፎቶው ሥር «ድሃ ናት፤ ግን ደስተኛ ናት» የሚል ጻፍን። ኤ አገኘን። ፌስቡክ ላይም ለጠፍነው። በተማሪ አቅም ጉድ ተባለ! ሰው ተቀባበለው፣ «ይህ ቤት የት ነው?» እያለ ጠየቀን፤ እኛም እየተሽቀዳደምን የአስጎብኚውን ስልክ ሰጠን። ፎቶውን አሳጥበን እንልክልሻለን ብለናት ነበር። አላክንም።

ማነው ያልተነካች ያለው?

ከተመረቅን በኋላ፣ ትንሽም ቢሆን ማንበብ ስንጀምር፣ መጀመሪያ ያሳፈረን ርዕሱ ነው። ከሐረር በላይ የተነካ ከተማ ፈልገን አጣን።

ሐረሪዎች ከተማቸውን የሚጠሯት «ጌይ» ብለው ነው። ትርጉሙ «ከተማ» ማለት ነው። በቃ፤ ሌላ ከተማ ያለ አይመስልም። ደግሞም አይፈረድባቸውም። የራሷ አሚር፣ መሐለቅ የሚባል የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ቋንቋ የነበራት፣ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የምትነግድ አገር ናት። ጀጎል የሚባለው ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። የተሠራውም ለጎብኚ ፎቶ አልነበረም፤ ሰው እንዳይገባ ነው! ያም ሆኖ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በፈረንጆቹ 1855 ገብቶ አሥር ቀን ከረመና ሄዶ መጽሐፍ ጻፈ። (የእኛ ሥራ ጀማሪ እሱ ነው ማለት ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ ሁሉን አወቅሁ ማለት ከአሥር ቀኑ ቢብስ እንጂ አይሻልም።) ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ያዟት። በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ጦር ገባ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ረምቦ ግጥሙን ትቶ ቡናና መሣሪያ ሲነግድባት ኖሯል። ዛሬ «የረምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ባለ ፎቁ ቤት ግን የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ረምቦ አልኖረበትም የሚሉ ብዙ ናቸው። ቱሪዝም እንዲህ ነው፤ ያልኖርክበትን ቤት በስምህ ያደርግልሃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲነካካት የኖረች ከተማ እንዴት ግንቧና ቤቷ ተረፈ? መልሱ ብዙም የሚያኮራ አይደለም። አንዱ ምክንያት ድህነት ነው። የጅቡቲው ባቡር ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባቱ ስለከበደው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቀረ፤ ድሬዳዋም ተወለደች። ነጋዴው ባቡሩን ተከትሎ ወረደ። ገንዘብ ሲሸሽ አፍርሶ የሚሠራም አብሮ ሸሸ። ከዚያ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤት አዋጁ መጣ። ጀጎል ውስጥም ባለቤት የተነጠቀ ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈለ፤ ብዙ ሐረሪም ወደ ሳውዲ፣ ወደ ካናዳ ተሰደደ። እኛ «ጊዜ የቆመባት» ያልናት ከተማ፣ ጊዜ የቆመባት ሳትሆን ገንዘብ የቆመባት ነበረች።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። 82 መስጊዶች፣ 102 የአውሊያ ቦታዎች፣ የውስጥ አሠራራቸው ልዩ የሆነ ቤቶች። ከዚያ ወዲህ ባቡር ሳያስፈልገው የሚመጣ ነጋዴ ተገኘ። እሱም ጎብኚ ነው።

ዘንድሮ

ዘንድሮ ሦስታችን በአንድ ጊዜ ፈቃድ አገኘንና «ለምን ሐረር አንሄድም?» ተባባልን። ተማሪ ስላልሆንን አሁን እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ነው! (ያለፈላቸው አትበሉን፤ ብድሩን እየከፈልን ነው።)

እውነቱን እንናገር፤ መጀመሪያ ደስ አለን። አዲስ አበባ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሐረርም ደርሷል። የመንገዱ ድንጋይ ተስተካክሏል። መብራት አለ። በ2010 ማታ ስንወጣ የስልካችንን መብራት እያበራን፣ ፍሳሽ እየዘለልን ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ሴቶች ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጀጎል ውስጥ እንደ ልባችን ተንሸራሸርን። ይህን ቀላል ነው የሚል ሰው ማታ ብቻውን ሲሄድ ሰግቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጅብ ሲበላ ለማየት ያን ጊዜ ከግንቡ ውጭ ጨለማ ውስጥ ቆመን፣ የባጃጁ ፊት መብራት ተበርቶልን ነበር። ዛሬ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ መቀመጫና መብራት ያለው ቦታ አለ። ጅቦቹ ግን ያው ናቸው፤ ከመድረኩ ይልቅ ሥጋውን ነው የሚያዩት።

የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር እንደ ድሮው በስፌት መኪና ድምፅ ይንጫጫል። ከዚያ ወረድ ሲሉ ግን ግድግዳቸው በደማቅ ቀለም የተቀባ መንገዶች አሉ። እዚያ ሰልፍ ነው። የምን ሰልፍ አትሉም? የፎቶ! አንዷ ሙሽራ ቬሎዋን እየጎተተች፣ ሌላው ቲክቶክ እየቀረጸ፣ ሌላው «አንዴ ዞር በሉልን» እያለ። ፈረንጆች እንዳይመስሏችሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከድሬ የመጡ እኛን የመሰሉ ልጆች ናቸው። አንዲት ሴት የውኃ ጀሪካን ተሸክማ ከመንገዱ ጫፍ ቆማለች። ፎቶው እስኪያልቅ ትጠብቃለች። መንገዱ የሷ ደጅ ነው። ወደ ቤቷ ለመግባት ነው የምትጠብቀው።

ስልካችንን ኪሳችን ከተትን። ከመክተታችን በፊት ግን አንድ ሁለት ፎቶ አንስተን ነበር፤ አንዋሽም።

እማ ቤት

የእማን ቤት ለማግኘት አልተቸገርንም። በሩ ላይ የእንግዳ ማረፊያ መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የከፈተችልን የልጅ ልጇ ናት፤ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችው። እማ ከኋላ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ካለች ክፍል ወጣች። ትንሽ ጎብጣለች። አፍጥጣ አየችንና «የፎቶዎቹ ልጆች» አለች።

በዋናው ክፍል አልፈን ልንገባ ስንል ከሦስታችን አንዱ፣ የደከመው እሱ፣ ነደባው ላይ ዘፍ አለ። «ተነስ፣ ተነስ! አንጥፈነዋል፤ ማታ እንግዳ አለ» አለችው። አሚር ነደባ ላይ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ስፌት አሁንም አለ፤ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሁሉም አዲስ ነው፤ ዋጋ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት የተንጠለጠለበትም አለ።

እሷ ወደምትኖርባት ክፍል ገባን። አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን። ሆጃ መጣ። የልጅ ልጇ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች።

«ያቺን ጽሑፋችሁን አንብባልኛለች» አለች እማ፣ በአገጯ ወደ ልጅቷ እያመለከተች።

ምን እንበል? «እንዴት ነበረች?» አልን፤ ምስጋና ጠብቀን።

«ደስተኛ ናት ያላችሁት እኔን ነው?»

ዝም አልን።

«እናንተ የመጣችሁ ጊዜ ባሌ ከሞተ ሰባተኛ ወሩ ነበር። ያስቀመጣችሁኝ እሱ ቦታ ላይ ነው። ከሞተ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም ነበር። ልጄ ቶሮንቶ ሆና ፎቶውን አይታ ደወለችልኝ። እናቴን አባቴ ቦታ ላይ ማን አስቀመጣት ብላ አለቀሰች።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ እማ? እምቢ አትይንም?»

«እንግዳ ናችሁ። እንግዳ ይከፋል?»

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልን። ሦስት የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚለውን በቃላችን እንወጣዋለን። ሦስት ቀን ስናድር ስለ ነደባው ስም፣ ስለ ስፌቱ ዓይነት፣ ስለ ቀዩ አፈር ጠይቀናታል። «ባለቤትሽ የት ነው?» ብለን ግን አልጠየቅንም። ቤቱን ጠየቅነው እንጂ የቤቱን ሰው አልጠየቅንም። አሁን ድስት ጥዶ ማልቀስ ሆነብን።

ይቅርታ ጠየቅናት። «ተዉት አቦ» አለች። ቀጥላ ደግሞ እኛ ያልጠበቅነውን ነገረችን። ጽሑፋችን አልጎዳትም። ጠቅሟታል።

ጣራው ሊወድቅ ደርሶ ነበር። የጌይ ጋር ጣራ እንደ ቆርቆሮ አይደለም፤ እንጨቱ፣ ጭቃው፣ ሠሪው ሁሉ ልዩ ነው። «በብሎኬት ልሥራው ስል ቅርስ ነው አይቻልም አሉኝ። በጥንቱ ልሥራው ስል ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» አለች። ከዚያ እንግዳ ይመጣ ጀመር፤ እኛ ስልኩን የሰጠናቸውም፣ እነሱ የነገሯቸውም። መጀመሪያ አንድ ክፍል፣ ኋላ ሁለት፣ ኋላ ዋናው ክፍል ራሱ ተፈለገ። በእንግዳ ገንዘብ ጣራው ተሠራ፣ ልጅቷ ኮሌጅ ገባች። ጎረቤቷ ያለው፣ እንግዳ ያልመጣበት ቤት ግን ባለፈው ክረምት ግድግዳው ተናደ።

«ቤቱን ያቆመው እንግዳ ነው» አለች። ዙሪያዋን፣ ጠባቧን ክፍል አየት አደረገች። «እኔን እዚህ ያመጣኝም እንግዳ ነው።»

የጠፋው ምንድን ነው?

ከዚህ በኋላ «ምን ጠፋ ታዲያ? ቤቱ ቆሟል፣ ልጅቷ ተምራለች» ትሉን ይሆናል። እኛም ራሳችንን እንዲሁ ጠየቅን። መልሱን ያገኘነው ስለ አፎቻ ስታወራን ነው።

አፎቻ የሐረሪዎች እድር ነው በሉት፤ በለቅሶም በሰርግም አብሮ የሚቆም። የሴቶች አለ፣ የወንዶች አለ። የእማ አፎቻ ሴቶች ተራ ሲደርሳት እሷ ቤት፣ ነደባው ላይ ነበር የሚሰበሰቡት። ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገራት ሁሉም ታውቀዋለች። አሁን ተራዋ ሲደርስ ዋናው ክፍል እንግዳ ይዞታል። የእንግዳ ቀን አስቀድሞ ተይዞ ነው፤ ብር ተከፍሎበታል። ስለዚህ ተራዋን ሌላ ሴት ትይዝላታለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «አሁን አይጠይቁኝም። ታፍሪያለሽ ብለው ነው» አለች።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ እንግዳ ቀጥ አለ። እሱ ሳይለቅ ጦርነቱ ተጨመረ። ሁለት ዓመት ያህል አንድ ሰው በሯን አላንኳኳም፤ ቦታ የያዙትም ሰርዘው ቀሩ። ያኔ ማን ምግብ አመጣላት? አፎቻዋ። እነዚያው ነደባዋ ላይ መቀመጥ የቀረባቸው ሴቶች ናቸው ተራ ገብተው ዱቄትና ዘይት ይዘው የመጡት። ጎብኚው ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ዋናው ክፍል እንደገና ለጎብኚው ሆነ። ምን ታድርግ? አፎቻ ጣራ አያሠራም።

ነገሩ የእማ ብቻ አይደለም። ላሊበላ ላይ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ተነስተዋል፤ ላስታ ጎጆ የሚባሉት ባለ ፎቅ የቀይ ድንጋይ ቤቶች ሲጎበኙ ታዩዋቸዋላችሁ፤ እሳት የሚያነድባቸው ሰው ግን የለም። ጦርነቱ ያንን ከተማ ሲያገኘው፣ ኑሮው በሙሉ በእንግዳ ላይ የቆመ አስጎብኚና ባለ ሆቴል ባዶ እጁን ቀረ። ሩቅ እንሂድ ካላችሁ ጣሊያን አለላችሁ። የቬኒስ አሮጌው ከተማ በ1951 እ.ኤ.አ. 175 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው፤ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። በ2024 ከተማው ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረ። መግቢያ የሚከፈልበት ከተማ እንግዲህ ምን ይባላል? ቤተ መዘክር አይደለም እንዴ?

እኛ የፒያሳ ነገር አልወጣልንም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ቤቱም ሰዉም አንድ ላይ ነው የሄደው። ስለዚህ ቅርስ ማለት ቤት አለማፍረስ ይመስለን ነበር። «ጀጎል እኮ ተርፏል፤ ቢያንስ እዚያ አልፈረሰም» እያልን ስንጽናና ነበር። አሁን ግን ሌላ ዓይነት መፍረስ እንዳለ አየን። ግድግዳው ሳይነቃነቅ፣ ቀለሙ አምሮ፣ ሰዉ ቀስ እያለ ከዋናው ክፍል ወደ ማድ ቤት ጎን ይገፋል። ግሬደር አያስፈልገውም። ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ደስ ብሏቸው የሚመጡ፣ ከፍለው የሚያድሩ፣ «ዋው» የሚሉ፣ ፎቶ የሚለጥፉ እንደኛ ያሉ ሰዎች ይበቃሉ።

«ታዲያ አንሂድ ነው የምትሉት?» እንዳትሉን። እማን ጠየቅናት፤ «እንግዳ ቢቀር ይሻልሽ ነበር?» «ከዚያ ጣራው ላዬ ላይ ይውደቅ?» ብላ ሳቀች። የምትፈልገውን ጠየቅናት። ብዙ አይደለም። በወር አንድ ቀን፣ ተራዋ ሲደርስ፣ ዋናውን ክፍል ለራሷ። ያን ቀን የሚመጣ እንግዳ ካለ ከሴቶቹ ጋር ከበር ኋላ ያለው ነደባ ላይ ይቀመጥ፤ ሆጃ ይጠጣ፤ ፎቶ ግን አያንሳ። ሹዋሊድን ዩኔስኮ በኅዳር 2016 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ ለበዓሉ የሚመጣው ሰው ጨምሯል፤ «ለዚያ ሰሞን ክፍሉን አታከራዪ የሚለኝ ማን ነው? የአመቱን ገንዘብ የማገኘው ያኔ ነው» አለች። ለጣራ የሚሆን ትንሽ ብድር ቢኖር፣ ለጥንቱ ጭቃና እንጨት የሚያግዝ ቢኖር፣ ያቺን ሰሞን ለራሷ ታደርጋት ነበር። ቅርስ ነው አትንኪ የሚል አለ፤ እንዳትነኪው ይህን እንካሽ የሚል ግን የለም።

በማግስቱ ፎቶውን ከድሮው ፌስቡካችን አውርደን ፈረስ መጋላ አካባቢ አሳተምነው። ስምንት ዓመት ሙሉ «እንልክልሻለን» ያልነውን ፎቶ በግማሽ ሰዓት ጨረስነው። ወሰድንላት። መነጽሯን አድርጋ አየችው። ፊቷን አላየችም። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ያለችውን፣ ከሌሎቹ ጠቆር ያለችውን ስፌት በጣቷ ነካች።

«ይቺ የእናቴ ናት። ኮሮና ጊዜ ለአንድ ነጋዴ ሸጥኳት። ፎቶዋ እንኳ አልነበረኝም።»

ከዚያ ፎቶውን ለልጅ ልጇ ሰጠችና «አስቀምጪው» አለች። ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «ያቺን ደስተኛ የምትለውን አጥፏት» አለችን።

ስናስበው ማጥፋት አይበቃም። ማጥፋት ማምለጥ ነው። በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የተማርነው ሌላ ነገር አለ፤ ስትሳሳት በተሳሳትክበት መጠን አርም የሚል። እንግዲህ ይኸው፦

እርማት። በ2010 ዓ.ም. «ያልተነካች ከተማ» በሚል ርዕስ ባወጣነው ጽሑፍ፣ ከፎቶው ሥር ያሉት ሴት «ድሃ ናት፤ ግን ደስተኛ ናት» ተብለዋል። ሴትየዋ በዚያን ጊዜ ሐዘን ላይ ነበሩ። የተቀመጡበት ቦታ የሟች ባለቤታቸው ነው፤ እዚያ እንዲቀመጡ ያደረግነው እኛ ነን። ከተማዋም ያልተነካች አልነበረችም፤ ከነኳት መሃል እኛም አለንበት። ለስሕተቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።

(እማ፣ እዚህ ላይ «እርስዎ» ያልንሽ ለአንዴ ነው። እርማት ስለሆነ ነው። አትሳቂብን።)

ቸር ይግጠመን።